የሻውሌይ እንጆሪ

ያድቪጋ ናት የምታስር
የሁለቱን ቡድን እግር፤
የእንግዶቹ ወጌሻ
ፍራንክፈርት ላይ ታሞ ቀርቶ፣
"አንቺው እሰሪልን" አላት
አሠልጣኙ እጅ ነስቶ።

እዚህ ሐምሌ በጋ ነው፤
የአዳራሹ ቆርቆሮ
ቀን የጠጣውን ፀሐይ
ማታ ያገሳል ቆጥሮ።

መጀመሪያ ተማሪው መጣ፤
ላማር ቲልማን፣ ሃያ ዓመቱ፣
ያልታጠፈ ሸንበቆ ነው
ከተረከዙ እስካናቱ።
ቁርጭምጭሚቱን ስትይዘው
ምንም የለም የሚናገር፤
ገና ያልተጻፈበት ነው
እንደ መስከረም ደብተር።

ቀጥሎ ሪምቪዳስ መጣ፤
ሠላሳ ሰባት ሞልቶታል።
የሱስ እግር መዝገብ ነው፣
ጣቷ እያነበበ ያልፋል፦
ይህ እብጠት ከሳሎኒካ፣
ይህ ስፌት ከቤልግሬድ ማታ፣
ይህቺ አጥንት ሳራጎሳ ላይ
ከሰው ጫማ ተጋጭታ።

"ጠበቅ አርጊው" ይላታል፣
"ዛሬን ብቻ ይቁምልኝ።"
"ትናንትም ዛሬን ብለኸኛል።"
"ዝም ብለሽ ሳቢልኝ።"

ወረቀቱስ ምን ይላል?
አንዱ "ተማሪ"፣ አንዱ "ባለሙያ"።
ተማሪው ባገሩ ሲጫወት
አሥራ ስምንት ሺህ ሰው ይጮኻል፤
ቁጥሩ ያለበት ማሊያ
በየሱቁ ይሸጣል፤
ለሱ ከዚያ ሁሉ ገበያ
አልጋና ምሳ ይደርሰዋል።
ሳንቲም ከነካ ግን ደንቡ
በሩን ዘግቶ ይሸኘዋል።

ባለሙያውስ? ውሉ ላይ
ብዙ ብዙ ዜሮ አለው፤
ክለቡ ግን ከየካቲት
ወዲህ ቤሳ አልከፈለው።
"ነገ" ይሉታል በስልክ፣
ስልኩም አንድ ቀን ይጠፋል።
ተማሪው ደምና ወዙን
ያለ ደመወዝ ያፈሳል፤
ደመወዝተኛውም አፍስሶ
ነገ፣ ነገን ያፍሳል።

እንግዲህ ማነው ባለሙያ?
ያድቪጋ አልጠየቀችም፤
ፋሻ ትቆርጣለች በጥርሷ፣
ሥራዋ ነው፣ አትፈርድም።

ጨዋታውን ልተርከው?
ሰባ ሰባት እኩል ሆኖ
አራት ሰከንድ ብቻ ቀርቷል።
ላማር ወደ ግራ ሸሸ፣
ሪምቪዳስ ተከትሎታል፤
ያቺ የተጠፈረች እግር
ግማሽ ስንዝር ዘገየች፤
ኳሷ ከልጁ ጣት ወጥታ
ብረቱን አንዴ ዞረች፣
እንደሚግደረደር እንግዳ
ደፉ ላይ ቆመች፣
ገባች።

ለኮከቡ ተጫዋች ሽልማት
ፖስታ ነበር የተሰናዳ፤
ከንቲባው ስሙን ጠሩ፣
ልጁም ወጣ ወደ ሜዳ።
እጃቸውን ጨበጠ፤
ፖስታውን ሲያቀርቡለት ግን
ሁለት እጁን ወደ ጀርባው
እንደ ጥፋተኛ ደበቀ።
"አልችልም" አለ። አስተርጓሚዋ
ደጋግማ ተረጎመች፤
ከንቲባው ፈገግ እንዳሉ
ፖስታዋ አየር ላይ ቀረች።

ለሁለተኛው ዞረች።
ሪምቪዳስም ወሰደ።
አልዋሽም፣ ወሰደ፤
አከራይ በክብር አይከፈልም፣
ጭብጨባም ዳቦ አይገዛም።
ውፍረቷን በጣቱ መዝኖ
ወደ ልብስ መቀየሪያው
እያነከሰ ወረደ።

እኩለ ሌሊት ሲቃረብ፣
የተማሪዎቹ አውቶቡስ
ሞተሩን አስነስቶ ሳለ፣
አንድ ረጅም ሰው እያነከሰ
በመስኮቱ ብርሃን መጣ፤
የላስቲክ ባልዲ አንጠልጥሏል፣
ከጣቢያው ደጅ ከምትሸጥ ባልቴት
ከነባልዲው የገዛው እንጆሪ።

ቋንቋ የላቸውም። ባልዲውን ሰጠው።
ላማር አሠልጣኙን አየ፤
አሠልጣኙ መነጽሩን ገፋ፣
ደንቡን በልቡ ገለጠ፦
"እንጆሪ… ኪሎው ስንት ነው?"
የመለሰለት የለም፤
አሥራ ሁለት ትልልቅ እጅ
ባልዲው ውስጥ ቀድሞ ገብቷል።

ያድቪጋ መቀሷን ይዛ
ፋሻ ልትፈታ ብትወጣ፣
ደረጃው ላይ ጎን ለጎን
እግራቸውን ዘርግተዋል፤
ጣታቸው እስከ አንጓው ድረስ
ቀልቷል።
ደም መስሏት ክው አለች፤
ቀረብ ብላ ስታይ፣ ወዝ ነው፣
በመብራቱ የሚያብረቀርቅ።

"የማንን ልጀምር?" አለች።
ሁለቱም
ወደ ሌላው ጠቆሙ።